ድምፁ ከታወሩ ነው ወይስ ከስታቢላይዘሩ?

ከለገጣፎ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ማታ ማታ «ዝዝዝ» የሚል መሀል ላይ ደግሞ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ይሰማኛል፣ ከቤቴ ጀርባ የኔትወርክ ታወር አለ፣ ሞገዱ ይሆን ወይ ብለሃል። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ትራስ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ይቀንሳል ያልከው ለኔ በቂ ነው፣ የፍሪጅህ ስታቢላይዘር (ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ሳጥን) ነው።

ሞገድ ድምፅ ያሰማል ወይ ላልከው ግን አዎ ያሰማል። ራዳር አጠገብ የሚሠሩ ሰዎች ጠቅታ ይሰሙ ነበር፣ አለን ፍሬይ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪም በ1962 እ.ኤ.አ. ጽፎ አውጥቶታል። ራዳር ሞገዱን ዝም ብሎ አያፈስም፣ በሰከንድ ሚሊዮንኛ በሚቆጠር ጊዜ ኃይለኛ ምት እየሰጠ ነው የሚለቀው። አንዱ ምት ጭንቅላትህ ውስጥ ያለውን እርጥብ ነገር የዲግሪ ጥቂት ሚሊዮንኛ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ አይታወቅህም ግን በቅጽበት ስለሆነ ትንሽ ይለጠጣል፣ ያ መለጠጥ ግፊት ሆኖ በአጥንት በኩል ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። በ1974 እ.ኤ.አ. ፎስተርና ፊንች የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ውሃ ላይ ሞከሩት፣ ውሃው 4 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ፣ ምክንያቱም ውሃ እዛ ላይ ቢሞቅም አይሰፋም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል! በአጥንት የሚመጣ ስለሆነ ደግሞ ጆሮ ቢደፈን አይቀንስም፣ ያንተ ቀንሷል። የስልክ ታወር ያን የሚያህል ምት የለውም፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይቀጥላል እንጂ ካንተ ቤት ጋር አይጠፋም።

ጠቅታው የስታቢላይዘሩ ሪሌ ነው፣ ቮልቴጁን ለማስተካከል በራሱ የሚቀያየር ማብሪያ ማለት ነው፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጅ ይወርዳል እሱም ይቀያየራል። ዝዝታው የትራንስፎርመሩ ብሎን ላልቶ ነው። ብሬከሩን አጥፋ፣ ሶኬቱን ንቀል፣ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) እስኪራገፍ ጠብቅና ስታቢላይዘሩን ክፈተው፣ ብሎኖቹን በደንብ አጥብቅ፣ ሪሌው እግሩ ጋ ጠቁሮ ከሆነ በተመሳሳይ አምፒር ቀይረው። ርካሹን ሪሌ አትግዛ፣ ላዩ ላይ 30 አምፒር ይጻፍበታል ውስጡ ግን ምንም የለም። አንዳንዱ «ባለሙያ» አሉሚኒየምና መዳብ ሽቦ አጣምሞ በናስትሮ የጠቀለለው ነገር ደግሞ ጥገና አይባልም፣ እንዲህ ያለው ነው ቤት የሚያቃጥለው፣ ቆርጠህ በአንድ ዓይነት ሽቦ ሥራው።

ደግሜ እላለሁ፣ ብሬከር ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። በዳር ሰፈሮች ፌዝ (መብራት ያለበት ሽቦ) እና ኒውትራል (መላሹ ሽቦ) ተገልብጦ የተገጠመ ብዙ አይቻለሁ፣ ብሬከሩ ኒውትራሉን ይቆርጥና ሽቦው ላይ መብራት ይቀራል። ሶኬቱን ሳትነቅል ክዳኑን አትክፈት፣ የግድግዳውን ሽቦ ደግሞ በቴስተር ሳታይ በእጅህ አትንካ!

ይህን ሁሉ አድርገህ፣ መብራት ጠፍቶም ሌላ ቤት አድረህም ድምፁ ካለ፣ ያኔ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂድ።