ከድንጋዩ በፊት ውሃውን እዩ

ልጆቼ፣ ግቢ የማስዋብ ሥራ የጀመራችሁም ልትጀምሩ ያሰባችሁም፣ ድንጋይ ሳስነጥፍና ችግኝ ሳስተክል ከኖርኩበት ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ንድፍ መሥራቱን ከእኔ በተሻለ ትችላላችሁ፤ ገና ያልተጀመረ ግቢ በኮምፒውተር አሳምራችሁ ስታሳዩ አይቼ ተደንቄአለሁ። የሚያሳስበኝ ሥራው ለሁለት መከፈሉ ነው። አንዱ ኮብልስቶኑን አንጥፎ፣ ደረጃውንና ግንቡን ሠርቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሌላው በተረፈው ጥግ ሣርና አበባ ሊተክል ይመጣል። ሁለቱ አይተዋወቁም። አትክልተኛው ገና መቆፈር ሲጀምር አካፋውን የሚቀበለው የደረቀ ሲሚንቶና የብሎኬት ስብርባሪ ነው።

እኔም እንዲሁ ስሠራ ነበር። በጀማሪነቴ አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ አንድ ግቢ ተሰጠኝ። መሐሉ ላይ ትልቅ ወይራ ነበረ፤ የቤቱ ባለቤት እናት ቡና የሚያፈሉት ከሥሩ ነው። «ወይራዬን አደራ» አሉኝ። ዛፉን በእጄም አልነካሁት። ግን ቦታው ዝቅ ያለ ስለነበር አፈር አስሞላሁ፣ በደንብ አስጠቀጠቅሁ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ እስኪቀረው ድረስ ድንጋይ አስነጥፌ ክፍተቱን ሁሉ በሲሚንቶ አስደፈንኩ። ሲያልቅ ያምር ነበር፤ ሰው እየመጣ ያየው ነበር። በሁለተኛው ዓመት የጫፉ ቅጠል ሳሳ። በሦስተኛው ክረምት፣ ሌላው አትክልት ሁሉ ሲለመልም፣ ወይራው ደረቀ። እማማ አስጠርተውኝ ስሄድ ጀበናቸው በረንዳ ላይ ነበረ። አንዲት የቁጣ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቡናውን ቀድተው ሰጡኝ።

ያኔ ያላወቅሁትን አሁን ልንገራችሁ። ዛፍን የሚመግቡት ቀጫጭን ሥሮች ሰው እንደሚያስበው ጥልቅ ውስጥ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ናቸው፣ ከቅርንጫፉ ጥላም አልፈው ይሄዳሉ። ሥር እንደ እኛው አየር ይፈልጋል። በላዩ አፈር ሲደለደልበት፣ ሲጠቀጠቅና በሲሚንቶ ሲታሸግ ቀስ ብሎ ይታፈናል። ቀስ ብሎ ስለሆነ ነው አደጋው፤ ዛፉ ሲደርቅ ሥራ ተቋራጩ ሂሳቡን ዘግቶ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ስለዚህ ድንጋይና ተክልን አንድ ላይ ንደፉ። የሚያገናኛቸው ደግሞ ውሃ ነው። አዲስ አበባ የዓመት ዝናቧን አብዛኛውን የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር መሬቱ ይደርቃል። በሐምሌ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የት እንደሚሄድ ሳታውቁ የመኪና መግቢያው የት ይሁን፣ መናፈሻው የት ይሁን ብላችሁ አትወስኑ። ከተቻለ ዶፍ ሲወርድ ዣንጥላ ይዛችሁ ግቢው ውስጥ ቁሙ። በጋ ላይ ከሆነ የቤቱን ሠራተኛ ወይም ጥበቃውን ጠይቁ፤ ውሃ የሚተኛበትን ጥግ ከባለቤቱ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነው። አንጥፎ ሲጨርስ ውሃ ልኩን ያስቀምጥና በጆግ ውሃ ይዞ ይመጣል። ከግድግዳው ሥር ያፈስና ቁጢጥ ብሎ ያያል። ውሃው ወደ ሣሩ ካመራ ይነሳል። ከቆመ ግን ያንን ረድፍ በእጁ ነቅሎ አሸዋውን ያስተካክላል፤ አምስት ድንጋይም ይሁን ሃምሳ። በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ይበቃል፣ ዓይን አያየውም፣ ውሃ ግን ያየዋል። ያ ውሃ ወደ ቱቦ ገብቶ ከሚጠፋ ጠጅ ሳሩ ወይም ጽጌረዳው ወዳለበት መደብ ቢሄድ ግቢው ራሱን ያጠጣል። ኮብልስቶኑ በአሸዋ ላይ ተነጥፎ ክፍተቱም በአሸዋ ሲሞላ ደግሞ ከፊሉ እዚያው ይሰርጋል። «አረም ይበቅልበታል» ብለው ሲሚንቶ አፍስሱበት የሚሏችሁ ባለቤቶች አይጠፉም። ትንሽ አረም መንቀል እንደሚሻል በትዕግሥት አስረዷቸው።

ጥቁር አፈር ላይ ስትሠሩ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪያወጣ ድረስ ይሸበሸባል። በላዩ በቀጥታ ያነጠፋችሁት ድንጋይ በዓመቱ እንደ ማዕበል ይሆናል። ቆፍራችሁ አውጡት፣ በቦታው ገረገንቲ (እንዲህ የማያብጥ ጠጠራማ መሙያ አፈር) ሙሉ፣ በየደረጃው ጠቅጥቁ። ባለቤቱ በማይታይ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት አይወድም፤ በዚህ ግን እንዳትሸነፉ።

ስለ ግንብም ልጨምር። ኮንሶ ሂዱ። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የእርከኖቹ የድንጋይ ካብ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሲሚንቶ የሚባል የለበትም። አፈሩን ይይዛል፣ የተረፈውን ውሃ ያሳልፋል፣ ከላዩ ማሽላ ይበቅላል። የድንጋይና የተክል ሥራ አንድ ሙያ የሆነበት ቦታ ያ ነው። እኛ ከተማ ውስጥ በሲሚንቶ የምናስረው ግንብ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ከኋላው የታቆረው ውሃ ስለሚገፋው ነው። ከኋላው ጠጠር ሙሉ፣ ከታች በየሜትር ተኩሉ የውሃ መውጫ ተዉለት።

ጎንደር የፋሲል መዋኛ አጥር ላይ ሥሮቻቸውን እንደ ጣት ዘርግተው ድንጋዩን ያቀፉትን ትልልቅ ዛፎች ያየ ሰው አይረሳቸውም። እኔም ባየኋቸው ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን ያንን ውበት በ200 ካሬ ግቢ ውስጥ አትመኙት። የዋርካ ዘመዶች ሥር አጥርንም የፍሳሽ ጉድጓድንም አይምርም። ችግኝ ስትመርጡ በሃያ ዓመቱ ምን ያህል እንደሚሆን አስቡ። ዝግባና ጥድ ሰፊ ግቢ ይፈልጋሉ። ለጠባቡ ግቢ እንደ ጌሾ ያለ ትንሽ ዛፍ ይበቃል። ከድንጋዩ ዳር ጤና አዳም፣ በሶብላና አሪቲ ትከሉ፤ ሰው በልብሱ ነካ እያደረጋቸው ሲያልፍ ግቢው ይሸታል። ፀሐይ የዋለበት ድንጋይ ማታም ሙቀት ስለሚተፋ መቀመጫውን የከሰዓት ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አድርጉት።

ነባር ዛፍ ያለበት ግቢ ሲሰጣችሁ፣ ሥራው በሚጀመርበት ቀን ቆፋሪዎቹ ሳይደርሱ በጠዋት ሂዱ። ኖራ ያዙ። የቅርንጫፉ ጥላ የሚያበቃበትን ዙሪያውን አስምሩ፣ ችካል ምቱ፣ ገመድ አስሩ። ከዚያ መስመር ውስጥ አሸዋ አይራገፍም፣ ሲሚንቶ አይቦካም፣ መኪና አይቆምም። ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ለምን እንደሆነ ንገሯቸው።