ላፕቶፕ ላይ ያለፈ ቴስት ቦርዱ ላይ ሲወድቅ

ሰላም ወንድሜ። በትክክል ገብቶኝ ከሆነ፣ ላፕቶፕህ ላይ ሁሉም ቴስት ያልፋል። ለአርም ቦርዱ ክሮስ ኮምፓይል (ላፕቶፑ ላይ ሆነህ ለሌላ ፕሮሰሰር ቢልድ) አድርገህ ስታስኬደው ግን ገሚሱ «ፋይሉ የለም» ይልሃል፣ አንዳንዱ ሳይጨርስ ይሞታል፣ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ሄደው የተሳሳተ ቁጥር ያመጣሉ፣ አንዱ ደግሞ «አንዳንዴ ይሠራል»። «ኮምፓይለሩ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሃል። አይመስለኝም። እኔም ስንቴ ጠርጥሬው ስንቴ አፍሬያለሁ።

ኮዱን ለጊዜው ተወው። የወደቁትን ቴስቶች አንድ በአንድ ቦርዱ ላይ በእጅህ አስኪድና የሚመልሱትን ኤግዚት ኮድ (ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚተወውን ቁጥር) ጻፍ። 126 ከሆነ ብዙ ጊዜ ለማስኬድ ፈቃድ የለም፤ ፋይሉ ፈቃዱን አጥቷል፣ ወይም ያስቀመጥክበት ቦታ ፕሮግራም እንዳይነሳበት ተደርጎ ማውንት ሆኗል። 127 ከሆነ ጭራሽ አልተነሳም። 132 ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ደርሶታል፤ ብዙ ጊዜ ለአዲስ ፕሮሰሰር ቢልድ አድርገህ አሮጌ ላይ ስትጭን ነው የሚመጣው። 137 ከውጭ ተገድሏል፤ ራም አልቆ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ገድሎት ከሆነ ዲሜሴጅ (dmesg) በሚያሳየው የከርነል መልእክት ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። 139 የምናውቀው ሴግፎልት ነው፤ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቷል።

አሁን ወደ «ፋይሉ የለም» እንምጣ። ፋይሉ ፊትህ ቁጭ ብሎ «የለም» ሲባል ያናድዳል። የጠፋው ግን ያንተ ፋይል አይደለም፣ እሱን የሚያስነሳው ሎደር ነው። የፕሮግራም ፋይል ውስጡን የሚያሳየውን ሪድኤልፍን (readelf) በትንሿ ኤል (-l) አስኪደውና የሚጠይቀውን ሎደር ስም አንብብ። ከዚያ ቦርዱ ላይ መኖሩን እይ። አንተ ለሃርድ ፍሎት ቢልድ አድርገህ ቦርዱ የሶፍት ፍሎት ሲስተም ከሆነ (የነጥብ ቁጥር የሚያስተላልፉበት መንገድ ይለያያል)፣ ወይም አንተ በግሊብሲ (glibc) ቦርዱ በመስል (musl) ከሆነ (ሁለቱም የሲ ላይብረሪዎች ናቸው)፣ አይገናኙም።

ሎደሩ ተገኝቶም የግሊብሲ ቨርዥን ቁጥር ሊያጣላችሁ ይችላል። በ2021 የወጣው 2.34 የፕሮግራም ማስጀመሪያዋን ፈንክሽን አዲስ ቁጥር ሰጥቷታል። ስለዚህ በሱ ወይም ከሱ በኋላ በመጣ ቨርዥን ዳይናሚክ ሊንክ ያደረግከው (ላይብረሪውን ከቦርዱ የሚወስድ) ባለ ሦስት መስመር ፕሮግራም እንኳ አሮጌ ቦርድ ላይ አይነሳም። መፍትሔው የቦርዱን ላይብረሪዎች ራሳቸውን ሲስሩት (ኮምፓይለሩ ላይብረሪ የሚፈልግበት ፎልደር) አድርጎ መገንባት ነው። ለሙከራ ያህል ስታቲክ ሊንክ ማድረግም (ላይብረሪውን ፕሮግራሙ ውስጥ መክተትም) ይበቃል።

የተሳሳተ ቁጥር ወደሚያመጡት ሁለቱ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለያል። እኔን ሁለት ቀን ያስለቀሰኝ ይኼ ነው። ከሴንሰር የሙቀት መጠን የሚያነብ ኮድ ነበረኝ። ላፕቶፑ ላይ ‑5 የሚለው ቦርዱ ላይ 251 ይላል። ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ምንም የለም። ለካ ቁጥሩን ያስቀመጥኩት በተራ ቻር (char፣ ባለ አንድ ባይት ታይፕ) ውስጥ ነው። ኤክስ86 ላይ ቻር ኔጌቲቭ ይይዛል፣ አርም ሊነክስ ላይ ግን ካልነገርከው በቀር ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው። ሲ ስታንዳርዱ ሁለቱንም ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ማንንም መክሰስ አይቻልም። ያንተ ኮድም ቻርን ከ‑1 ጋር የሚያወዳድር ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥር። ኤፍ‑ሳይንድ‑ቻር (-fsigned-char) የሚለውን የኮምፓይለር አማራጭ ጨምረህ ሞክር፤ ቻር ኔጌቲቭ እንዲይዝ ያደርጋል። ቴስቱ ካለፈ ሌባው ተያዘ። ከዚያ አማራጩን አንሳና ታይፑን ራሱን ወደ ኢንት8 (int8_t) ቀይረው። አማራጩን እዚያው ትቶ መሄድ ለቀጣዩ ሰው ወጥመድ መተው ነው።

ኬሙ (QEMU፣ ሌላ ፕሮሰሰርን የሚያስመስል ኢሙሌተር) ካለህ እነዚያኑ ቴስቶች ላፕቶፕህ ላይ በሱ አስኪዳቸው። ለቢልድ ሲሜክ (CMake) የምትጠቀም ከሆነ ኢሙሌተሩን አንዴ ንገረውና የሱ ቴስት አስኪያጅ ሲቴስት ራሱ በዚያ በኩል ያስኬዳል። ኬሙም ላይ ከወደቀ ችግሩ ከኮድህ ወይም ከቢልድህ ነው። የቻሩ ችግር ለምሳሌ እዚያም ይታያል። ኬሙ ላይ አልፎ ቦርዱ ላይ ብቻ ከወደቀ ወደ ራም፣ ወደ ፋይሎችና ወደ ሰዓት ዙር። የአላይንመንት ስህተትን (ዳታ በተገቢው አድራሻ ላይ አለመቀመጡን) ግን ኬሙ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ በሱ ላይ አትመነው።

ሰዓት ያልኩት በምክንያት ነው። ባትሪ ያለው ሰዓት የሌለው ቦርድ ሲነሳ ብዙ ጊዜ 1970 ላይ ነው የሚነቃው። ሰርተፍኬት የሚያጣራ ቴስት ያኔ ይወድቃል፣ ኔትወርክ አግኝቶ ሰዓቱን ሲያስተካክል ደግሞ ያልፋል። «አንዳንዴ ይሠራል» ያልከው ቴስት ከዚህ ወገን ይመስለኛል።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር። አንዴ ግማሽ ቀን ያስተካከልኩት ነገር ሁሉ ቦርዱ ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም። ኮፒው ኤረር ሰጥቶ ስክሪፕቴ ዝም ብሎ አልፎት፣ የማስኬደው የትናንቱን ፋይል ነበር። የኦፕንኤስኤስኤች ፋይል መላኪያ ኤስሲፒ ከ9.0 ጀምሮ በኤስኤፍቲፒ በኩል ነው የሚልከው፣ ድሮፕቤር (ትንሽ የኤስኤስኤች ሰርቨር) ብቻ ያለው ቦርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኤስኤፍቲፒ ሰርቨር የለውም። ኤስሲፒ ላይ ትልቁን ኦ (-O) አማራጭ ጨምርበት፣ በድሮው መንገድ ይልካል። ከዚያ የላፕቶፑንና የቦርዱን ፋይል ኤምዲ5 (የፋይሉ አሻራ) አወዳድር።

ኤግዚት ኮዶቹንና ሪድኤልፍ ያወጣልህን እዚህ ለጥፍልን። የሁለቱን ቴስቶች ኮድም ጨምር፣ ቻር ያለበትን መስመር አብረን እናያለን።