ድንጋይ ስለተነባበረ ብቻ ዝቅጥ አለት አይባልም

እህቴ፣ ለገጣፎ የሽንት ቤት ጉድጓድ ስታስቆፍሪ ነጣ ያለ፣ እንደ እንጀራ የተነባበረ ድንጋይ ወጣና ልጅሽ «መጽሐፋችን ላይ ያለው ዝቅጥ አለት ይኸው ነው» አለሽ፤ እውነቱን ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ዝቅጥ አለት በአብዛኛው ውኃ ወይም ነፋስ ያመጣው ስብርባሪ ተጠራቅሞ ሲጣበቅ የሚሠራ ድንጋይ ነው። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋርም 12 ዓመት ሠርቻለሁ። እንዳልሽው ከሆነ ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ አመድ ይመስለኛል።

ሥራ ስጀምር እኔም እንደ ልጅሽ ነበር የማስበው። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ፍርፋሪ በየ2 ሜትሩ ፌስታል ውስጥ እያሰርኩ ስመዘግብ የተነባበረውን ነጭ ሁሉ «ዝቅጥ» እል ነበር። አብሮን የሚሠራው ጂኦሎጂስት አንዱን ፌስታል ፈትቶ፣ ፍርፋሪውን አጥቦ መዳፌ ላይ አደረገና አጉሊ መነጽር ሰጠኝ። እንደ ስፖንጅ የተቦረቦሩ ቁርጥራጮችና እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሰሉ ቅንጣቶች አየሁ። ወንዝ ሲያንከባልለው የቆየ አሸዋ ጠርዙ ያልቃል እንጂ እንዲህ አይሰላም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀመጡት በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው፤ አመድም ከሰማይ ሲወርድ ይነባበራል። ያው አመድ በጎርፍ ተጠርጎ ሌላ ቦታ ከተኛ ግን ከዝቅጥ ይቆጠራል፤ እዚህ ላይ ባለሙያም ይቸገራል።

ዝቅጥ አለት እንዲህ ይሠራል። ነባሩ አለት በፀሐይና በዝናብ ይፈረፈራል፣ ውኃ ወይም ነፋስ ይወስደዋል፣ ጉልበቱ ሲደክም ይጥለዋል። ከላይ የሚከመረው ይጫነዋል፤ በመሐሉ የሚሰርገው ውኃ ይዞት የመጣው ኖራ፣ ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) ወይም የብረት ዝገት ያጣብቀዋል። ማጣበቂያው ከሌለ አሸዋ አሸዋ ሆኖ ይቀራል።

ከስብርባሪ የተሠራው የሚለየው በቅንጣቱ መጠን ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ጠጠር ድቡልቡል ከሆነ ኮንግሎመሬት፣ ሹል ከሆነ ብሬቻ ይባላል። ከዚያ በታች እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ በጣም የደቀቀው ሸክላና ደለል ደግሞ ሼል ይሆናል። ውኃ ሲተን የሚቀሩት ጨውና ጂፕሰም (ለስላሳ ነጣ ያለ ማዕድን) ሌላ ወገን ናቸው። የድንጋይ ከሰል ከዕፅዋት ነው፤ የኖራ ድንጋይም አብዛኛው ከባሕር እንስሳት ቅርፊት ነው።

ልጅሽ እውነተኛውን ዝቅጥ አለት ማየት ከፈለገ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይዘሽው ውረጂ። አናቱ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዝቅ ስትሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰምና ሼል፣ ወደ ድልድዩ ስትቃረቡ የአሸዋ ድንጋይ ታገኛላችሁ። የኖራ ድንጋዩ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩ በባሕር ተውጦ ሳለ የተጠራቀመ ነው። የዛጎል ቅርጽ ሲያገኝበት የሚሰማውን ደስታ አውቀዋለሁ።

ለአሁኑ ድንጋዩን ስበሪውና አዲሱ ስባሪ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጊ፤ የውጪው ገጽ ኖራ ለብሶ ሊያታልልሽ ይችላል። ከተንተከተከ ኖራ አለበት። ዝም ካለና ለመጠኑ ቀለል ካለሽ አመድነቱ ያመዝናል። ፎቶ ስትልኪልኝ ቁራሹን አጥበሽ፣ መጠኑ እንዲታወቅ ጎኑ ሳንቲም አድርጊበት።