ለወረርሽኝ ጊዜ የእርዳታ ጥሪ፦ ከተረጂው መዝገብ እስከ ለጋሹ ሪፖርት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ኮሮና በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ስለ አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ሚሲዮን ድርጅቶች የእርዳታ ሥራ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ወረርሽኙ ቢያልፍም ጥያቄዎቹ አላለፉም። ቀጣዩ ሳይመጣ እቅዳቸውን ለመጻፍ የተነሡ አጥቢያዎች እየበዙ ስለሆነ የዚህን እትም አምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በአንዲት ወንጌላዊት አጥቢያ የልማት ክፍል አገልጋይ ነኝ። በኮሮናው ጊዜ ለአገር ውስጥና ለውጭ አጋሮች የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈን ነበር፤ ምላሽ የሰጠን አንድ ብቻ ነው። ደብዳቤያችን ስለ ሕዝቡ ችግር በሰፊው ይናገራል፤ የምንፈልገውን ገንዘብም ጠቅሰናል። ምን ጎደለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የጎደለው የተረጂዎች መዝገብ ሳይሆን አይቀርም። ለጋሽ ድርጅት በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ስንት ቤተሰብ፣ የት ቀበሌ፣ ለስንት ወር፣ በምን ያህል፣ ማን አረጋግጦ። እነዚህ ከሌሉ የችግሩ ብዛት ቢተረክ እንኳ ገንዘቡን የሚፈቅደው ሰው ለአለቃው የሚያሳየው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት መዝገቡ ይሠራ።

መዝገቡን አጥቢያው ብቻውን አያዘጋጅ። ከቤተ ክርስቲያኒቱ አንድ ዲያቆን፣ ከእድሩ አንድ ሰው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የቀበሌ ተወካይ ኮሚቴ ሆነው አብረው ቤት ለቤት ይዙሩ። መስፈርቱ ከመዞራቸው በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የቀን ሥራው የቆመበት ቤተሰብ፣ ብቻውን የሚኖር አረጋዊ፣ አልጋ የያዘ ሕመምተኛ ያለበት ቤት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ተለይቶ እንዲቀመጥ የታዘዘ ታማሚ። በየቤቱ የሰው ቁጥር በዕድሜ ተከፍሎ ይጻፍ፤ የቤተሰቡና የአንድ ጎረቤት ስልክም ይመዝገብ። ከሌላ ቦታ እርዳታ ያገኙ እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድም ይኑረው። ይህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አንዱ ቤት ከሦስት በር ሲወስድ ጎረቤቱ ባዶ እጁን የሚቀረው ግን በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። በኢትዮጵያ በምግብ እርዳታ ሥራ የተለመደው ሙሉ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። በቀን ሲሰላ ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል፤ ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መመሪያ ለእቅድ መነሻ የሚያደርገው 2,100 ነው። መዝገባችሁ 120 ቤተሰብ ቢይዝና በአማካይ በቤት 5 ሰው ቢኖር 600 ሰው ይሆናል። ለአንድ ወር 90 ኩንታል ስንዴ ወይም በቆሎ፣ 9 ኩንታል ምስር ወይም ክክ፣ 270 ሊትር ዘይት ያስፈልጋል ማለት ነው። በስፊር ልክ ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም የገላና 200 ግራም የልብስ ሳሙና ሲታከል 270 ኪሎ ሳሙና ይመጣል። ሁሉም ሲደመር 104 ኩንታል ገደማ ነው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አይጨርሰውም፤ ሦስተኛ ጉዞ ይፈልጋል። በጀቱ ላይ ሁለት ጉዞ ብቻ ከጻፋችሁ ጉድለቱን የምትሸፍኑት ከእህሉ ገንዘብ ቀንሳችሁ ነው።

ዋጋውን በግምት አትጻፉ። ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ውሰዱ፤ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናና ቫትን መጨመር አለመጨመሩ ወረቀቱ ላይ ይስፈር። በወረርሽኝ ጊዜ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ስለሚለዋወጥ የዋጋ ጭማሪ መጠባበቂያ በሚል ግልጽ ስም አንድ መስመር ክፈቱ፤ በየመስመሩ ትንሽ ትንሽ ከመደበቅ ይህ ይሻላል፤ ለጋሹ የተደበቀውን ሲያገኝ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል። ከሚረሱት ወጪዎች ዋነኞቹ የጫኝና አውራጅ፣ የባዶ ጆንያ፣ የመጋዘን ጥበቃ፣ የአገልጋዮች ጭምብልና ሳሙና፣ የኦዲት ክፍያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የወፍጮ ዋጋ ናቸው። እጁ ላይ ምንም የሌለው ቤተሰብ እህሉን ለማስፈጨት ከእህሉ ሸጦ ይከፍላል፤ ራሽኑ ከቤት ሳይደርስ ይጎድላል። ወይ ዱቄት ግዙ፣ ወይ የወፍጮውን ገንዘብ ከእህሉ ጋር ስጡ።

የልማት ክፍላችሁ ራሱን ችሎ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 ከመቶ መብለጥ የለበትም። የቢሮ ኪራይና የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ በዚህ ይቆጠራሉ። እህሉን ወደ ተረጂው የሚያደርሰው መኪና ግን የሥራው አካል ነውና በተለየ መስመር አስቀምጡት።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥ። መጀመሪያ የምትጠይቁት መጠንና የቤተሰቡ ቁጥር፣ ቀጥሎ ማን እንዳረጋገጠው፣ ከዚያ እናንተ ራሳችሁ ያዋጣችሁት ይግባ፤ ምእመናን ያመጡት ዱቄት፣ አዳራሹ፣ የወጣቶች ጉልበት ሁሉ በቁጥር ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች የማይጽፉት አንቀጽ ይመጣል፦ የተጠየቀው ግማሹ ብቻ ቢገኝ ማንን ታስቀድማላችሁ? ይህን አስቀድማችሁ ከወሰናችሁ ለጋሹ ትንሽ ለመስጠት አያመነታም፤ እናንተም በማከፋፈያው ቀን ሰው ፊት ቆማችሁ አትከራከሩም። ጸሎቱና ምስጋናው በመጨረሻው አንቀጽ ሙሉ ክብሩን ይዞ ይቆይ። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ፣ የመጨረሻው ዓመት የኦዲት ሪፖርትና በድርጅቱ ስም የተከፈተ፣ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ማስረጃ ይያያዙ። የግለሰብ ሒሳብ ቁጥር፣ የመጋቢውም ቢሆን፣ ጥያቄውን እዚያው ያስቆመዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲሄድ አድርጓል (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። ለጣምራ ፊርማ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

ጥያቄ፦ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ዱቄት ስናድል ሕዝቡ በአንድ ጊዜ መጥቶ ተጋፋ፤ ርቀት መጠበቅ አልተቻለም። ለሌላ ጊዜ ምን ይደረግ? (ከደሴ)

መልስ፦ በዚያ ወቅት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር፤ ስለዚህ ግፊያው የጤናም የሕግም ችግር ነበር። ግፊያ ግን በበሩ ላይ አይጀምርም፤ የሚጀምረው ቀኑ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ለእያንዳንዱ ቤት በተለየ ኩፖን ንገሩ። ኩፖኑ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ የግማሽ ሰዓት ተራና የአጥቢያው ማኅተም ይኑር፤ የሰው ስም ባይጻፍበት ይመረጣል፤ ቢጠፋ የማንንም ችግር አያወጣም።

ዕቃው አስቀድሞ ይመዘን፤ ይታሰርም። ሁለት ጠረጴዛ ካለና አንድ ቤት 4 ደቂቃ ከፈጀ በሰዓት 30 ቤት፣ ከላይ በምሳሌ ያነሣነው 120 ቤት በ4 ሰዓት ያልቃል። በየግማሽ ሰዓቱ ከ15 ኩፖን በላይ አትስጡ። መስመሩ ላይ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ልዩነት በኖራ ምልክት አድርጉ፤ መግቢያውና መውጫው ይለያዩ፤ መግቢያው ላይ 20 ሊትር የሚይዝ ቧንቧ ያለው ባልዲና ሳሙና ይቀመጥ። በእጁ ላይ እድፍ ላለበት ሰው ሳኒታይዘር ሳሙናን አይተካም፤ አልኮሉ ከእድፉ በታች አይደርስም።

አምስት ሰው ያለበት ቤት የእህል ድርሻ 75 ኪሎ ነው። አረጋዊት እናት ይህን ተሸክመው አይሄዱም፤ በበሩ ላይ የሚያግዛቸውን ሲጠብቁ ሰልፉ ይቆማል። ድርሻውን በ25 ኪሎ ከፋፍላችሁ እሰሩት፤ አቅም ለሌላቸውና በቤት ተለይተው ለተቀመጡት ደግሞ ቤታቸው ድረስ ውሰዱ። ለታማሚው ቤት ዕቃውን ደጃፍ ላይ አስቀምጡ፣ በስልክ አሳውቁ፣ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ መውሰዱን ተመልከቱና ተመለሱ።

ለመቀበሉ ማረጋገጫ ጣት በቀለም ማስነካት አንዱን የቀለም ሣጥን 120 ሰው እንዲነካ ያደርጋል። በሱ ፈንታ መዝገብ ያዡ የኩፖኑን ቁጥር ይጻፍ፣ ኩፖኑን ይቀበል፣ ሁለት ምስክሮች በየገጹ መጨረሻ ይፈርሙ። ዕቃው መጋዘን ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ወይም አጥቢያችሁ በሚጠቀምበት የገቢና የወጪ ደረሰኝ ይመዝገብ። የተቀበለው ሰው፣ ያዘዘው ሰውና መዝገብ የያዘው ሰው አንድ እንዳይሆኑ፤ ቤተሰብም እንዳይሆኑ።

መዝገብ ላይ የሌሉ ሰዎች በእርግጥ ይመጣሉ፤ ብዙዎቹም እውነተኛ ችግረኞች ናቸው። ከሰልፉ ራቅ ብሎ የአቤቱታ ጠረጴዛ አስቀምጡ፤ ስማቸው ይጻፍ፣ ኮሚቴው በ3 ቀን ውስጥ ቤታቸውን ይጎብኝ። ከጠቅላላው 5 ከመቶ ያህል ድርሻ ለዚህ ካላስቀራችሁ ጉብኝቱ ባዶ ተስፋ ይሆናል። አገልጋዮቻችሁንም በሁለት ቡድን ክፈሉ፤ ሁለቱ አይገናኙ። አንዱ ቡድን ቢታመም ሥራው በሌላው ይቀጥላል።

የተረከባችሁት ጆንያ ሁልጊዜ የተጻፈበትን ያህል አይመዝንም። ከየ10 ጆንያው አንዱን መዝኑ፤ ጉድለት ካለ ሾፌሩ ሳይሄድ በማስረከቢያው ላይ ጽፎ ይፈርም። ጆንያ በመሬት ላይ አይቀመጥ፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ሜትር ርቆ ይደርደር። በተለይ በክረምት ከግድግዳ የተጠጋ በቆሎ ይሻግታል፤ የሻገተ እህል ታጥቦም ተቆልቶም ለሰው አይሰጥም፤ መርዙ በእሳት አይለቅም።

ጥያቄ፦ እዚህ ያለን ምእመናን ለአገር ቤት ሚሲዮን ገንዘብ ማሰባሰብ እንፈልጋለን። በቀጥታ ብንልክ ከግብር ይቀነስልናል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በአሜሪካ ሕግ ለውጭ አገር ድርጅት በቀጥታ የተላከ ስጦታ በአጠቃላይ ከግብር አይቀነስም። ስጦታው 501 ሲ 3 የሚባለው ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት መብት ላለው የአሜሪካ ድርጅት፣ ለምሳሌ ለራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን፣ መሰጠት አለበት። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱ በገንዘቡ ላይ ሙሉ ውሳኔ ኖሯት ሥራውን መርምራ፣ በቦርድ ቃለ ጉባኤ አጽድቃ ትልካለች፤ ሪፖርትም ትቀበላለች። ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ቧንቧ ብቻ ከሆነች ከግብር የመቀነሱ መብት ጥያቄ ውስጥ ይገባል። "ለእገሌ ቤተሰብ ይድረስልኝ" ተብሎ ለአንድ ሰው የተሰጠም አይቀነስም። ለ250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ስጦታ በጽሑፍ ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ ደረሰኙ በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት መሰጠት አለመሰጠቱን ይግለጽ። በግለሰብ ስም በኢንተርኔት የሚከፈት መዋጮ በአብዛኛው በዚህ አይሸፈንም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖሩ አንባብያን የምንሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን ይበረታል፤ እንደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ባሉ አገሮች ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ በሕግ ያስጠይቃል፤ በዋትስአፕ ቡድን ቢሆንም።

ጥያቄ፦ ከተረጂዎቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። እህሉን ስንሰጥ አጭር ቃል ብናካፍል ምን ክፋት አለው? (ከጅማ)

መልስ፦ በማከፋፈያው ቦታና ሰዓት አታድርጉት። የተራበ ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ "አልሰማም" ለማለት ነፃ አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. የቀይ መስቀል ንቅናቄና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ በፍላጎት መጠን ብቻ እንዲሰጥና የሃይማኖት አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ይላል፤ የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅቶች ኅብረት የሆነው ካሪታስ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ደንቡን ካወጡት ውስጥ ናቸው። ስለ እምነታችሁ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ በሌላ ቀን፣ ባዶ እጃችሁን ሆናችሁ መልሱለት። በኮሚቴው ውስጥ ከመስጊዱ አንድ ሰው ቢኖር የመዝገቡ ተአማኒነት ይጨምራል። ለለጋሽ የምትልኩት ፎቶም የተረጂን ፊት አያሳይ፤ መጋዘኑ፣ ሚዛኑና የታሰረው ድርሻ በቂ ማስረጃ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛና የበር እጀታ ለማጽዳት በረኪናን በምን ያህል ውሃ እንበጥብጥ? (ከወላይታ ሶዶ)

መልስ፦ ጠርሙሱ ላይ 5 ከመቶ የሚል ከሆነ ለጠረጴዛና ለእጀታ 1 እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ፤ ለ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር በረኪና ማለት ነው። ደም ወይም ትውከት ለፈሰሰበት ቦታ 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ። መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙናና በውሃ ይነሣ፣ ውሃው ይጠረግ፣ ከዚያ ብጥብጡ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይቆይ። በየዕለቱ አዲስ በጥብጡ፤ ያደረውና ፀሐይ ያገኘው ኃይሉን ያጣል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሰው ላይም አይረጭ።

ጥያቄ፦ አንድ ለጋሽ ብዙ ካርቶን የሕፃናት የዱቄት ወተት ሰጥቶናል። ለእናቶች ሁሉ እናድል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አታድሉ። የምታጠባ እናት ወተቱን ስታገኝ ማጥባቱን ትቀንሳለች፣ ጡቷም ይደርቃል፤ ካርቶኑ ሲያልቅ ሕፃኑ ሁለቱንም ያጣል። ንጹሕ ውሃ በሌለበት የሚበጠበጥ ወተት ተቅማጥ ያመጣል። ኮሮና የያዛት እናት እንኳ ጭምብል አድርጋ፣ እጇን ታጥባ ማጥባቷን እንድትቀጥል የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ካርቶኖቹን በደረሰኝ ለጤና ጣቢያው አስረክቡ፤ እናቱ ለሞተችበት ወይም ማጥባት ለማትችል እናት ልጅ ባለሙያው አይቶ ይሰጣል። ለምታጠባው እናት ግን የራሷን ድርሻ ከፍ አድርጉላት፤ ተጨማሪ ምስርና ዘይት ስጧት። ለለጋሹም ይህንኑ ጽፋችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በወተቱ ፈንታ ዘይት እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።