«አባቴ ምጽዋ መርከብ ይጠግን ነበር፤ ሳሉ ከዚያ ይሆን?» ላልከው ልጅ

አብሽር ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ልጄ አነበበችልኝ። አባትህ ደሴ ነው ያሉት፣ 70 አልፏቸዋል፣ ድሮ የባሕር ኃይል ጥገና ላይ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቅ ሳል አለቀቃቸውም፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ቲቢ ተመርምረው የለም ተብለዋል። አሜሪካ ውስጥ የጦር መርከብ ሠራተኞች በአስቤስቶስ (ሙቀት እንዲከላከል የሚጠቀለል፣ ከድንጋይ የሚወጣ ቃጫ ነው) እንደታመሙ አንብበህ «የእኛም ይሆን ወይ?» ነው ያልከው። ሊሆን ይችላል። የእኔው እሱ ነው።

በ1969 ከደሴ ሄጄ ባሕር ኃይል ገባሁ፤ ማሽን ክፍል መደቡኝ። «ኢትዮጵያ» የምትባለውን ትልቋን መርከብ አባትህ ያውቋታል። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለራሳቸው የሠሯት፣ «ኦርካ» ትባል የነበረች፣ በ1954 ለእኛ የተሰጠች ናት። በዚያ ዘመን እነሱ መርከብ ሲሠሩ የሚግል ነገር ሁሉ በአስቤስቶስ ይጠቀለል ነበር፤ ቧንቧው፣ ቦይለሩ፣ ማርሚታው። ዲዝል ናት፣ እንፋሎት የላትም ብለህ አትለፈው፤ የዲዝል ጭስ ማውጫ ምን ያህል እንደሚግል ሹፌር ጠይቅ።

አንድ የሚያፈስ ፍላንጅ፣ ማለት የቧንቧ መጋጠሚያ፣ ለመፍታት መጀመሪያ መጠቅለያውን በመዶሻና በስፓቱላ መገሽለጥ ነው። ውስጡ እንደ ተባዘተ ጥጥ ቦጨቅ ቦጨቅ ይላል። የምጽዋ ሙቀት ላይ የማሽን ክፍል ሙቀት ተጨምሮበት ከወገብ በላይ ራቁታችንን ነበርን፤ ብናኙ ላባችን ላይ ተለጥፎ ያሳክካል፣ በአምፖሉ ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። ጠግነን ስንጨርስ ዱቄቱን ባልዲ ውስጥ በውሃ በእጃችን አቡክተን ቧንቧው ላይ እንደ ምርጊት እንለስነዋለን። አፉን በፎጣ ያሰረ ካለ «ሙሽሪት» ተብሎ ይሳቅበታል። ከቧንቧ ጋር አንድም ቀን ያልተነካካው ኤሌክትሪሺያንም እዚያው አጠገባችን ቆሞ እኩል ይተነፍሰው ነበር። ስለዚህ አባትህ «እኔ ቀለም ቀቢ ነበርኩ» ቢሉህም ነፃ ናቸው ማለት አይደለም።

በየካቲት 1982 ምጽዋ ተያዘች፣ በ1983 ሁላችንም ተበተንን። ኮምቦልቻ መጥቼ ጋራዥ ገባሁ። ሳሉ የጀመረኝ በ2006 ነው። አየህ፣ ይህ ነገር አይቸኩልም። የአስቤስቶሱ ቃጫ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ሰውነት ሊያሟሟው ሲታገል ዙሪያውን ጠባሳ ይሠራበታል። ሕመሙ ሲወጣ 20፣ 30፣ 40 ዓመትም አልፎ ይሆናል፤ ያኔ ሰውዬው ጡረተኛ ነው፣ ከመርከቡ ጋር የሚያገናኘው የለም።

እኔንም ያገናኘኝ ጠፍቶ ነበር። አክታዬ ላይ ጀርም ሳይገኝ «ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» ተብዬ የ6 ወር መድኃኒት ጨረስኩ። ቤት ውስጥ ሲኒዬ ተለየ። ባለቤቴ፣ አላህ ኸይሯን ይስጣት፣ በክፋት አይደለም፣ ለልጅ ልጆቹ ሰግታ ነው፤ ግን ከንፈሯ የተሸረፈች አንዲት ሲኒ ረከቦቱ ጥግ ብቻዋን ተቀምጣ ሳያት ከሳሉ ይልቅ እሷ አመመችኝ። (የአስቤስቶስ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ቤታችሁ ላለ ሁሉ ዛሬውኑ ንገር።)

በ2009 አዲስ አበባ አንዲት ልጅ እግር የሳንባ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ጀርባዬን ታች፣ ጎድኔ ሥር አዳመጠችኝና «ቬልክሮ ጫማ ሲላቀቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለ» አለች። ከዚያ «አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ጋራዥ አልኳት። «ከዚያ በፊትስ?» ከዚያ በፊት የምትለዋን ቃል በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልጠየቀኝም ነበር፤ እኔም ምን አገባው ብዬ አላነሳሁትም። ባሕር ኃይል ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሲቲ ስካኑ ላይ ሁለቱም ሳንባዎቼ ግርጌ ላይ ጠባሳ፣ ሽፋናቸው ላይ ደግሞ የደነደነ ነጭ ነገር ታየ። ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ የሳንባን የላይኛውን ክፍል ነው የሚወደው አለችኝ፤ የእኔ ከታች መሆኑ አንዱ ምልክት ነበር።

ስለዚህ አንተ የምታደርገው፣ አባትህን ቡና ላይ አስቀምጠህ የሠሩበትን መርከብ፣ ክፍሉን፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደነበሩ በአንድ ገጽ ጻፍ። ያንን ወረቀት ከድሮው ራጅ ጋር ይዘህ ሐኪሙ ሳይጠይቅህ ስጠው። የትንፋሽ አቅም መለኪያና ሲቲ ስካን ይታዘዝላቸው። ልባቸውም ይታይ፤ የዚህ ዕድሜ ሰው ትንፋሽ ማጠር ሁሉ ሳንባ አይደለም። ከከሱ፣ ደም ካሳሉ፣ አንድ ጎናቸውን ብቻ ካመማቸው ወይም ሳንባቸው ዙሪያ ውሃ ተቋጠረ ከተባለ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ አስቤስቶስ የሳንባ ካንሰርንም፣ ሜሶቴሊዮማ የሚሉትን የሳንባ ሽፋን ካንሰርንም ያመጣል።

መድኃኒቱን ጠይቀሃል። ጠባሳውን የሚፍቅ የለም። የሳንባ ምች ክትባት፣ ቀስ እያሉ መራመድ፣ ሲብስ ኦክስጅን ነው። የሚያጨሱ ከሆነ ግን ለምነህም ተቆጥተህም አስተዋቸው። ሴሊኮፍ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምና ጓደኞቹ ቧንቧ ጠቅላዮችን ለዓመታት ተከታትለው፣ አስቤስቶስ የነካውም የሚያጨስም ሰው በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ ሁለቱንም ካላየ ሰው 50 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አግኝተዋል። እኔ ሲጋራዬን የጣልኩት የዚያን ቀን ከሐኪሟ ደጅ ነው።

ካሳ ስላልከው፣ አሜሪካኖቹ ለባሕር ኃይል ጡረተኞቻቸው ይከፍላሉ። እኛ ዘንድ ያገኘ ሰው እኔ አላየሁም። የስንብት ወረቀታቸውን ግን አትጣል።

አንድ ነገር ደግሞ። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ለእኔ ቢጤ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ሐረጎን ወጥቼ ፒያሳ ስደርስ ደረቴ ይነግረኛል። ዘመድ ካላችሁ አንድ ሳምንት እዚህ አውርዳችሁ ሞክሩት። እግረ መንገዴን፣ የሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን ስለሚበላ እዚህ ጋራዡ ሁሉ የፍሬን ሸራ ሲቀይር ነው የሚውለው፤ የድሮው ሸራ አስቤስቶስ ነበረው፣ ዛሬም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አለ። የጋራዡ ልጆች የፍሬኑን ታምቡር በኮምፕሬሰር ሲነፉ ሳይ እጮህባቸዋለሁ። በውሃ አርሱት እላለሁ፤ ይስቁብኛል፣ እኛ እንደሳቅነው።

አባትህ ማሽን ክፍል ከነበሩ ሳንተዋወቅ አንቀርም። የየትኛው ኮርስ እንደሆኑ ጠይቅና ጻፍልኝ።