ተደራሽነትን መለካት፦ ጠይቁኝ፣ ግን በደንብ ጠይቁ

ዛሬ ማታ ሥራ የለኝም። ስለ ተደራሽነት ልኬት ያላችሁን ጥያቄ አምጡ። ሥራዬ የከተማ ትራንስፖርት ስሌት ነው፤ ምሳሌዬም አዲስ አበባ ትሆናለች። አንድ አደራ ብቻ፦ «ለማን፣ ወደ ምን፣ በስንት ሰዓት» ካላላችሁኝ መልስ የለኝም።

የጀሞው፦ ኢንጂነር፣ ጀሞ ተደራሽ ነው?

መልስ፦ ወደ ምን? ገና ከመጀመራችን ረሳኸው።

ተማሪዋ፦ እንደምን አመሹ። ለማስተርስ ጽሑፌ ነው። ተደራሽነትን ከመንገድ ፍጥነት እንዴት ልለየው? በምንስ ልለካው?

መልስ፦ ተመስገን፣ ጥያቄ መጣ። ፍጥነት የሚለካው መኪናውን ነው። ተደራሽነት ግን ሰውየው ምን ምን ጋ መድረስ እንደሚችል ነው። መርካቶ ውስጥ መኪና ይንፏቀቃል። እዚያው የሚኖር ሰው ግን 10 ደቂቃ በእግሩ ሄዶ ስንት ሱቅ፣ ስንት ሥራ ያገኛል! ሃንሰን የሚባል አሜሪካዊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1959 በቀመር አስቀምጦታል፦ በየቦታው ያለውን ሥራ ደምር፣ ግን ሩቅ ያለውን እንደ ርቀቱ ቀንስለት።

አንቺ ከቀላሉ ጀምሪ። ከአንድ ሰፈር ተነስቶ በ60 ደቂቃ ስንት የሥራ ቦታ ይደረሳል? ቁጠሪ። ችግሩ፣ 59 ደቂቃ ላይ ያለው ፋብሪካ ሙሉ ሲቆጠር 61 ላይ ያለው ዜሮ ይሆናል። የሃንሰን ቀመር ይህን ያለዝበዋል፤ ውጤቱን ለባለሥልጣን ማስረዳት ግን ጭንቅ ነው። «በአንድ ሰዓት ይህን ያህል ሥራ ይደረሳል» ስትይው ግን ሁሉም ይገባዋል። ስለዚህ በ30፣ በ45 እና በ60 ደቂቃ ሦስቴ ቁጠሪ። የሰፈሮቹ ደረጃ ከተገለባበጠ አትደብቂው፣ ጻፊው።

የአያቷ፦ አያት ሰፈርስ ተደራሽ ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ።

ባለ ካርታው፦ በተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች 11.2.1 ላይ ያለው መለኪያ አይበቃም? ፌርማታ በ500 ሜትር፣ ባቡር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ካለ ሰውየው ትራንስፖርት አለው ይባላል።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እየጠበቅኩት ነበር። አይበቃም! መጀመሪያ፣ ብዙ ሰው 500 ሜትሩን በኮምፓስ ክብ ሠርቶ ይለካዋል። ቀለበት መንገድ ማዶ ያለ ፌርማታ በክቡ 150 ሜትር ነው። በእግር ግን እስከ ድልድዩ ሄደህ፣ ደረጃ ወጥተህ፣ ወርደህ፣ ተመልሰህ ነው። በመንገዱ ለካ፣ በአየር ላይ አትለካ።

ሁለተኛ፣ ፌርማታ መድረስ መድረስ አይደለም። ሰልፉስ? ከፊትህ 60 ሰው ቆሟል እንበል። ሚኒባሱ 12 ሰው ይጭናል፣ በ6 ደቂቃ አንድ ይመጣል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆመሃል፤ ካርታው ላይ ግን መጠበቂያህ ዜሮ ነው። ኮዬ ፈጬን ወይም ቱሉ ዲምቱን ያለ ሰልፍ የለካ ሰው ሌላ ከተማ ነው የለካው። ደግሜ እላለሁ፦ ሰልፉን ቁጠሩ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከቀኑ 5 ሰዓት አንድ አይደሉም።

የጀሞው፦ ሰልፉስ ይሁን፣ ቆርጦ መጫኑስ? ሜክሲኮ ብሎ ሳር ቤት ያራግፈናል!

ሹፌሩ፦ ወንድሜ፣ ነዳጅ ተሰልፈን ውለን፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ በዚያ ታሪፍ ምን እንብላ?

የጀሞው፦ እና እኛ ሁለቴ እንክፈል?

የአያቷ፦ ባቡሩ ሲመጣ እኮ ይሄ ሁሉ ያልቃል ተብሎ ነበር።

ሹፌሩ፦ ባቡሩን ተይው እቴ።

መልስ፦ ኧረ በሕግ! ቆርጦ መጫን ግን ልኬት ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ ሰልፍ፣ ሁለተኛ ክፍያ ነው። ደቂቃን ብቻ ሳይሆን ብርንም ገደብ አድርጉ፤ በቀን ይህን ያህል ብር ያለው ሰው የት ይደርሳል በሉ። ወደ ጥያቄው።

ባለ ካርታው፦ የለንደኑን ፒታል (PTAL)፣ ማለትም የሕዝብ ትራንስፖርት ተደራሽነት ደረጃ መስጫውን፣ እዚህ ብንጠቀምስ?

መልስ፦ ከ0 እስከ 6ለ ደረጃ ይሰጣል። ለአውቶቡስ 640 ሜትር፣ ለባቡር 960 ሜትር የእግር ገደብ አለው፤ የመጠበቂያውንም ጊዜ ይቆጥራል። ግን አውቶቡሱ የት እንደሚወስድህ አይጠይቅም። መጠበቂያውንም ከተጻፈ የጉዞ ሰዓት ፕሮግራም ነው የሚያሰላው። ለሚኒባስ ፕሮግራም ካለህ አሳየኝ።

ተማሪዋ፦ ታዲያ መረጃው ከየት ይምጣ?

መልስ፦ ናይሮቢ ላይ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ (የእነሱ ሚኒባስ) እየተሳፈሩ መስመሩን መዘገቡ። ካርታው እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። እግርና ስልክ ነው የሚያስፈልግሽ። መንገዱን ከኦፕንስትሪትማፕ፣ ከነጻው የኢንተርኔት ካርታ፣ ውሰጂ።

ደላላው፦ ለቦታ ዋጋ የትኛው ሰፈር ያዋጣል?

መልስ፦ ይሄን አንተ ነህ የምትነግረኝ።

ባለ ዊልቸሩ፦ እኔስ የት ነኝ በዚህ ስሌት?

መልስ፦ በአብዛኛው የለህም፤ እውነቱ ይሄ ነው። እኔም ለዓመታት ካርታ ስሠራ ሁሉም ሰው ደረጃ ይወጣል ብዬ ነበር የማሰላው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ደረጃ ያለበትን ድልድይና የተቆፈረውን የእግረኛ መንገድ ከካርታው አጥፍተህ እንደገና ታሰላለህ። ከዚያ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን ታስቀምጣለህ። አማካይ ከወሰድክ ግን አንተ ትጠፋለህ።

የጀሞው፦ ይቅርታ ኢንጂነር፣ ጀሞን አልመለሱልኝም።

መልስ፦ ወደ ምን?

የጀሞው፦ ወደ ሥራዬ፣ ሜክሲኮ። ጠዋት 1 ሰዓት።

መልስ፦ አሁን ጠየቅህ። ነገ ከቤትህ ደጃፍ እስከ ቢሮህ በር ደቂቃውን መዝግብ። ሰልፉን ለብቻ ጻፈው። ማታ ይዘህልኝ ና።