ወረርሽኝና የመንግሥት አዋጅ፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው መልስ ሰጪ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በጤና አጠባበቅ ሙያ ያገለገሉ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ ወረርሽኝ ሲገባ መንግሥት በቅድሚያ ምን ማድረግ ይገባዋል?

መልስ፦ የትኛው ወረርሽኝ? የኮሌራ መከላከያ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት ነው፤ በትንፋሽ የሚተላለፈው ሌላ ነው። ለይታችሁ ጠይቁ።

ከመሐል ሜዳ፦ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አገሪቱ ሙሉ በሙሉ አለመዘጋቷ ስሕተት ነበር ይላሉ?

መልስ፦ አልልም። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቢከለከልም፣ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ሠርቶ የሚያገኘው ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አልተፈረደበትም። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት በደንቡ መታዘዙን ነው፤ አፈጻጸሙ ቢያከራክርም በእኔ ግምት ከክልከላዎቹ ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። በተቃራኒው በነሐሴ 2006 ዓ.ም. የላይቤሪያ መንግሥት በኢቦላ ምክንያት በሞንሮቪያ የሚገኘውን ዌስት ፖይንት የተባለ የድሆች ሰፈር በወታደር አጠረ፤ የምግብ ዋጋ ናረ፣ ግጭት ተነሣ፣ አንድ ታዳጊም ሞተ፤ አጥሩ በ10 ቀን ውስጥ ተነሣ። ስንቅ ሳታቀርብ በር አትዝጋ።

ከደብረ ሲና፦ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን ያጠፋው ቆሻሻ ማቃጠሉ ነው፤ ዛሬም ኅዳር 12 የምናጥነው ለዚህ ነው።

ከአንኮበር፦ ወንድሜ፣ ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል መሆኑን አትርሳ። ጭሱ በሽታውን ቢያጠፋ ኖሮ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ባልታመሙ ነበር።

ከደብረ ሲና፦ ታመው ዳኑ እንጂ!

መልስ፦ በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ጢስ አይገድለውም። ሰፈር ማጽዳት መልካም ነው። ወደ ጉዳዩ ተመለሱ።

ከደብረ ብርሃን፦ ከራሳችን ታሪክስ የምንማረው አለ?

መልስ፦ ይህን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በዚሁ በደብረ ብርሃን ቸነፈር ገብቶ፣ የሞተውን የሚቀብር ሰው እስኪታጣ ድረስ ሕዝብ ማለቁንና ንጉሡም የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ማሠራታቸውን ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል። ልብ በሉ፤ ጸሐፊው የመከራውን ልክ ያሳየው በቀባሪ መታጣት ነው። ቀብር በእኛ ዘንድ ዛሬ በእድር እጅ ነው፤ እድር የአባላት ስም ዝርዝር፣ ገንዘብ፣ ድንኳንና ለፋፊ አለው። ስለዚህ መንግሥት እድርን የሚበተን ስብስብ ብቻ አድርጎ ከሚያየው፣ ማን እንደታመመና ማን ስንቅ እንዳጣ የሚያውቅ አጋር አድርጎ አስቀድሞ ሊያደራጀው ይገባል።

ከአለም ከተማ፦ እና መዝጋት ይሻላል ወይስ አለመዝጋት?

መልስ፦ ለመሐል ሜዳው ጠያቂ የመለስኩትን አንብብ። ስንቅ ሳታቀርብ በር አትዝጋ ብያለሁ።

ከሞላሌ፦ የታማሚን ቁጥር መደበቅ ሽብርን አይቀንስም?

መልስ፦ አይቀንስም። ታንዛኒያ በ2012 ዓ.ም. የታማሚዎችን ቁጥር ማውጣት አቁማ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየች፤ በሽታው ግን አልቆመም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ስለ ክትባትስ?

መልስ፦ ለብቻው ቀን ያዙለት።